የእናቴ ቁስል በሰው ስልክ

እናቴ ጡቷ ላይ የወጣውን ቁስል ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ፎቶ ያነሳሁትም ደብረ ታቦር ላለው ሐኪሟ ብቻ ነው። ደብረ ታቦር መመላለሱ ስለከበዳት፣ «እያነሳሽ ላኪልኝ፤ የድሮውንም አታጥፊ፤ ለውጡን ላይበት» አለኝ። ሳነሳት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ቀን በከተማችን በመካነ ኢየሱስ ገበያ ሁልጊዜ ገብስ የሚሸጡልኝ አዛውንት ገበሬ ወደ ዳር ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ ጡታቸው ተሻላቸው?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። በስልኬ ይመጣል። ያንቺም መልክ አብሮ ስላለ ነው ያወቅሁ።» አንገታቸውን ደፍተው ስልኩን ሰጡኝ። «እኔ አልጠራሁትም። ራሱ ነው የሚመጣ።»

የሳቸው በሬዎች፣ የማላውቃት ሙሽራ፣ የሰው መታወቂያ፣ የማስተምራቸው ልጆች፣ ከዚያ የእናቴ ደረት። «ስልኩን ማን አስተካከለልዎት?» አልኋቸው።

ስልካቸውን ያስተካከለላቸው መናኸሪያው አጠገብ ያለው ስልክ ቤት ነው። የእኔንም ያስተካከለው እሱ ነበር። «ስልክሽ ቢጠፋ እንኳ ፎቶሽ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥልሻል» ብሎ ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገባልኝ። ለካ ለሄደው ሁሉ ያንኑ የራሱን ኢሜይል ነው የሚያስገባው! የሁላችንም ፎቶ አንድ ላይ ይከማቻል፤ የከፈተ ሁሉ ያየዋል። እኔ ከስልኬ ጋለሪ ውጭ የኢንተርኔቱን ከፍቼ ስለማላውቅ አላየሁትም ነበር።

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ባለሱቁ ማስቲካ ያላምጣል። የእናቴን ፎቶ በሰው ስልክ እንዳየሁ ነገርሁት።

«እ፣ እሱን ነው?» ብሎ ሳቀ። «አይቼዋለሁ።» አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛውም ሳቀ። «ለያንዳንዱ ሰው ኢሜይል ስከፍት ልዋል እንዴ? ደግሞስ የአሮጊት ጡት ማን ጉዳዬ ይለዋል?»

ምራቄ መረረኝ። በዚያ በወዛም አውራ ጣቱ እናቴን እያንሸራተተ ሲያልፍ ታየኝ። ብሰድበው ደስ ባለኝ፤ ግን አፌን ብከፍት የማስመልስ መሰለኝ። የይለፍ ቃሉን ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ የእኔን ፎቶዎች እየለየሁ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጥሁ፤ ከዚያ ከኢንተርኔቱ አጠፋኋቸው። የተጣለው የሚቆይበት ቅርጫት አለ፤ ከዚያም አጸዳሁ። የራሴን ለመለየት ግን የሰውን ሁሉ ገመና ማለፍ ነበረብኝ፤ ሽፍታ የወረሰው የሕፃን ገላ፣ የተኛች ሴት፣ የሬሳ ፊት። እጄን ደጋግሜ ታጠብሁ። በመጨረሻ የባለሱቁን ኢሜይል ከስልኬ አውጥቼ የራሴን ከፈትሁ። ለአዛውንቱም እንዲሁ አደረግሁላቸው። ስልካቸውን እያገላበጡ፣ «ጠፋ? ተመስገን» አሉ።

ለእናቴ ነገርኋት። «ስንት ሰው አየኝ?» አለች።

«አላውቅም።»

ነጠላዋን እስከ አንገቷ ሳበች። ከዚያ ወዲያ ፎቶ አላስነሳችኝም። በዚያ በተበላሸ መንገድ፣ በአውቶቡስ፣ ደረቷን በእጇ ደግፋ ደብረ ታቦር መመላለስን መረጠች። ቁስሉ ቀስ በቀስ ደረቀ።

ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው። ሳልፍ ሰዎች ስልካቸውን ዘርግተው ቆመው አያለሁ። «የራሳችሁን ኢሜይል አስከፍቱ፤ የይለፍ ቃሉንም ራሳችሁ አስገቡ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዷ ግን፣ «በነጻ እኮ ነው የሚያስቀምጥልን» አለችኝና ስልኳን ለባለሱቁ አቀበለችው። እሱም በኔ ላይ እየሳቀ ተቀበላት።