ሠሪውም እንዳይሰማ

ስብሐትን አዲሱ ገበያ ላይ የማያውቀው የለም፤ ቤቱ ገብቶ ያየው ሰው ግን አይገኝም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሚሆን ትንሽ የመነጋገሪያ ሳጥን ሠርቶ ይሸጣል። አንዷን ቁልፍ ሲጫኗት የልጃቸው ስልክ ይጠራል፤ ያወራሉ፤ በቃ።

ታዲያ በየሳጥኑ ውስጥ ለራሱ አንድ መግቢያ አስቀርቶ ነበር። በክፋት አይደለም። እኛ ሰፈር ሰው መንገድ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ጎረቤት ዘንድ ይተው የለ? እሱም እንደዚያው ነው ያየው። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ዳገት ስለማይደፍር፣ ሳጥን ሲበላሽ ከሱቁ ሆኖ በስልኩ ይገባና ያስተካክለዋል።

ከእማማ ማሚቴ ጋር የተላመዱት በዚያ መግቢያ ነው። ቁስቋም ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሞባይል የማይዙ ሴት ናቸው፤ ሳጥኑን የገዛችላቸው ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ሰርካለም ናት። አንድ ጠዋት ስብሐት ሳጥኑ መሥራቱን ሊያይ በመግቢያው ሲገባ ኮሽታውን ሰምተው "ማነህ?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ሱቁን እንደከፈተ በሳጥኑ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም "አደርክ ወይ ስብሐት? ቁርስ ቀመስክ?" ይሉታል። ከሳቸው በቀር ቁርስ መብላቱን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ጎረቤቱ ባለሱቅ ሸፊ ነው፤ መቼም አፉ አያርፍም። ለእናቱ ሳጥን ገዝቶ ሲያበቃ እየሳቀ፣ "ስማ እንጂ፣ አንተስ እናቴን ትሰማታለህ እንዴ?" አለው።

"ኧረ በፍጹም!" አለ ስብሐት። እውነቱን ነው፤ ሰምቶ አያውቅም። መስማት እንደሚችል ግን ያውቃል፤ ያቺ ጥያቄ ከውስጡ አልወጣ አለች።

ያን ሰሞን፣ ዕቃቸውን በፈቃዳቸው ለሚያቀርቡ ሠሪዎች የሳይበር ደኅንነት ፍተሻ አድርጎ ዕቃው ላይ የሚለጠፍ ምልክት የሚሰጥ ድርጅት እንዳለ ሰማና ሳጥኑን ወሰደ። የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሸፊም "ማን አስገደደህ? አንተ ደግሞ ሥራ ፈት!" ብሎ ሳቀበት። የፈታሾቹ መልስ አጭር ነበር፦ መግቢያው ካልተዘጋ ምልክት የለም። ለማንም አይተውም፣ ለሠሪውም።

ስብሐት ጨነቀው። ነገሩን እርግፍ አድርጎ ቢተወው ጠያቂ የለበትም። ለእማማ ማሚቴ ብቻ ላስቀር ቢል ደግሞ፣ ለሱ የተከፈተ ለሌባም መከፈቱ አይቀርም። ሊነግራቸው ፈልጎ አፉ አልታዘዝ አለው። በመጨረሻ ሁሉንም ዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ሱቁ ሰው ሞልቶት እያለ ጭር አለበት። ቁርስም አልበላ።

ምልክቱ የተሰጠው ዕለት እያነከሰ፣ እያረፈ ቁስቋም ወጣና የእማማ ማሚቴ ሳጥን ላይ ለጠፈው።

"ምንድነው እሱ ልጄ?"

"ማንም ሰርቆ እንደማይሰማዎት ምስክር ነው እማማ። እኔም ብሆን አልችልም።"

እማማ ማሚቴ ሳጥኑን አዩት። "እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ስጣራ ዝም ስትለኝ፣ ታሞብኝ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ማን ሰማኝ ታዲያ?"

"ማንም፣ እማማ።"

"ውይ ልጄ! ሰርካለም ይሄን ያመጣችልኝ እኮ ሰው እንዲሰማኝ ብላ ነው።"

ስብሐት ምልክቱን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ተጫነው፤ በደንብ ተለጥፏል።