ቦራ ሣሩን ለምን ተፋ?

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ፈረስ ጤነኛ ነው! እኛ የጠየቅነው የታመመውን ነው» አሉኝ አባቴ ዛሬ ጠዋት ስልኬን አጮልቀው እያዩ።

ጥሊሊ አጠገብ ያለው ቤታቸው ልጠይቃቸው ከእንጅባራ መጥቼ ነው። ቦራ የሚባለው ፈረሳቸው መብላት ተስኖት ከስቷል፤ አባቴም አብረውት ከስተው ጠበቁኝ።

እኔ ኢንተርኔት ላይ «የአዊ ፈረስ» ብዬ ጻፍኩ። የተሸለመ ፈረስ ፎቶ በሽ በሽ! «የፈረስ በሽታ» ስል ደግሞ የበሽታ መዓት ዘረገፈልኝ፤ አንዱን ሳነብላቸው አባቴ አማተቡ።

(ሥራዬ ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ተማሪዎቼ፣ ይቺን እንዳላያችሁ እለፏት።)

«ለሐኪም እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? የሆነውን ንገረው እንጂ!» አሉኝ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፦ «ፈረስ ሣሩን አኝኮ ሳይውጥ እየጠቀለለ ይተፋል።»

ገና የመጀመሪያው መልስ «ጥርሱን አስመርምሩ» ይላል።

ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልንለትና ከጥሊሊ በባጃጅ ከተፍ አለ። የቦራን አፍ ከፍቶ ቢያይ፣ የመንጋጋ ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን አቁስሎታል። ሞረደለት።

አሁን ይህን ስጽፍ ቦራ ከጓሮ ቀስ እያለ ሲያኝክ ይሰማኛል። አባቴም ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በልተዋል።

«አባዬ፣ አዩት አይደል ኢንተርኔት እንዴት እንደሚያውቅ?» አልኳቸው ኮራ ብዬ።

«ሣሩን ሲተፋ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

እናንተስ? አጠያየቅ ያስተማራችሁ ማን ነው? እስቲ አውጉኝ።