የበሬው ዓመት

ልጅ ሳለሁ አያቴ የነገሩኝን ዛሬ ስጽፈው የእሳቸው ቃል የቱ ጋ አብቅቶ የኔ የቱ ጋ እንደሚጀምር እርግጠኛ አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር መሰለኝ። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም እየፈተሹ ስሕተት መፈለግ ነው፤ የራሴንም ትዝታ በዚያው ዓይን አየዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም አላምነውም።

የምንኖረው በስደት አገር፣ ከተማ ዳር ባለው አካላ፣ የሰማያዊው መስመር ባቡር መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ፣ ሦስት ሆነን ነበር፤ እናቴ፣ እኔ፣ እና ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው የእናቴ አባት። አባባ እላቸው ነበር። እናቴ በሥራ ቀናት አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች ትረዳለች፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ታጸዳለች። ባቡር ውስጥ እንቅልፍ እየወሰዳት «ደግነቱ ቤታችን መጨረሻ ጣቢያ ነው፤ ቢያንቀላፉም አያልፉትም» ትል ነበር። ቤት ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ትወድቃለች። ያኔ አባባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና የልብስ ቅርጫቱን አንሥተው፣ እኔን አስከትለው፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ በተራ ልብስ ወደሚያጥብበት ምድር ቤት፣ ወደ ትቬትስቱጋው ይወርዳሉ።

ተረት የሰማሁት እዚያ ነው። ውጭው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ጨልሞ፣ በየመስኮቱ ለገና የሚሰቀለው የወረቀት ኮከብ በርቶ፣ እኛ ግን በሞቀ የሳሙና ሽታ ውስጥ፣ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጠን፣ ልብሱ በማጠቢያው ክብ መስታወት ውስጥ ሲገላበጥ እያየን እንቆያለን። አባባ የጣራውን ነጭ መብራት ስለማይወዱት ያጠፉትና ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ቁራጭ ጧፍ ይለኩሳሉ። የማድረቂያው ትንሽ ቀይ መብራት አመድ ውስጥ የቀረ ፍም ይመስላል። ጎረቤት ሲመጣ ጧፉን እፍ ይሉትና ጭሱን በእጃቸው ይበትናሉ።

አባባ ወጣት ሳሉ ቻይናዎች ወሎንና ጎንደርን የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ ካምፓቸው ውስጥ የወጥ ቤት ረዳት ነበሩ። ዋናው ወጥ ሠሪ ሽማግሌ ቻይናዊ ነበሩ፤ አባባ «ጋሽ ሊ» ይሏቸዋል። አለቆቹ እንዲህ ያለውን የድሮ እምነት ስለማይፈቅዱ፣ ጋሽ ሊ ቻይናዎች ዓመታቱን በየተራ የሚሰይሙባቸውን ዐሥራ ሁለት እንስሳት፣ የአልጋን አቀማመጥና የየወቅቱን አኗኗር ያስተማሯቸው ጎመን እየከተፉ በሹክሹክታ ነበር። አባባም ለእኔ በሹክሹክታ ያስተምሩኛል፤ የሚሰማን ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

በጋሽ ሊ ተረት እንስሳቱ የዓመታቱን ተራ ለመያዝ ወንዝ ለመሻገር ተሽቀዳደሙ። በሬው ከሁሉም ማልዶ ተነሣ። አይጥ ጀርባው ላይ ወጥታ ተሻገረችና፣ ዳር ሲደርሱ ዘልላ አንደኛ ሆነች።

«በሬውስ ምን አለ?» አልኩ።

«ምን ይላል? በሬ መች ይናገራል! ሁለተኛ ወጣ፣ ሣሩን ጋጠ።» ይህን ሲሉ ወደ ጣራው፣ እናቴ ወደተኛችበት፣ ቀና አሉ። «እናትህ በበሬ ዓመት ነው የተወለደችው።»

እንስሳቱን የሚቆጥሩት በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ነው። ከቀለበት ጣት ሥር ይጀምራሉ፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል እያሉ ይዞራሉ። የመጨረሻው አንጓ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፉታል።

«ይኼኛውስ?»

«እሱን ተወው።»

«ዐሣማ ነው አይደል?»

«አንተ! ውሃው ቅርብ ነው፤ ሂድና ተጉመጥመጥ!»

የወቅቶቹ ምክር ደግሞ እንዲህ ነበር። በብርድ ወራት ቶሎ ተኛ፣ አርፍደህ ተነሣ፣ ፀሐይን ቀድመህ አትውጣ። ይህንን አምኜ ለአስተማሪዬ ፀሐይ ስትወጣ፣ ማለትም ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ እንደምመጣ ነገርኳት። እሷ ሳቀች፤ እናቴ ግን፣ ትምህርት ቤቱ ሲደውልላት፣ አልሳቀችም።

የእናቴን አልጋም አዙረንባታል። እግሯን ወደ በሩ አድርጋ ስለምትተኛ አባባ «እንዲህ የሚተኛ ሬሳ ነው ይሉ ነበር ጋሽ ሊ» ብለው፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች እኔ ገፋሁ፣ እሳቸው ጎተቱ። ማታ በጨለማ ገብታ ጉልበቷን ከእንጨቱ ጋር አላተመችው።

«አባዬ! ደግሞ ምን አመጡብኝ? የንስሐ አባትዎ ቢሰሙስ?»

«እሳቸው ይቅር ይሉኛል፤ ይቅር የማይልሽ ጉልበትሽ ነው። አርፊ እያልኩሽ ነው፣ ልጄ።»

«ማን ሊሠራልኝ?» አለች፤ በዚያው አልጋ ላይ፣ እንደዞረ፣ ተኛች።

በዚያ ኖቬምበር ዮርድብሩ ካለ አንድ መጋዘን ቋሚ የሌሊት ሥራ ተገኘላት። የቀኑን ሥራ ሳትለቅ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሌሊቱን ዕቃ ስታሽግ ልታድር ነው። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተባለች። አክስቴ በስልክ እንዲህ ያለ ዕድል እንዳያመልጣት ስትመክራት ሰማሁ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ከተኛችበት ስቀሰቅሳት ሳትነቃ እንዳትቀር። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ማታ ወጥ ቤት ተቀምጠን አባባ መዳፋቸውን የቤቱ ማሞቂያ፣ ኤለመንቱ ላይ እያሞቁ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳይመልሱ ተናገሩ።

«ዘንድሮ የበሬ ዓመት ነው፤ ያንቺ ዓመት። ሰው በገዛ ዓመቱ አዲስ ቀንበር አይሸከምም። የቆየውን ይጎትታል እንጂ አዲስ አይጨምርም።»

«ጋሽ ሊ ናቸው ያሉት?»

«ጋሽ ሊ ናቸው።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ሄደና የአባቷን ጣቶች ለረጅም ጊዜ አየች። ምን እያሰበች እንደነበር ያኔ አልገባኝም። ሰኞ ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ለመጋዘኑ ደወለች፤ በአገሩ ቋንቋ «ኔይ፣ ታክ»፣ አይ አመሰግናለሁ፣ ስትል ሰማኋት። ለአክስቴ «አባዬ አልፈቀዱልኝም» አለቻት፤ አክስቴም በአባት ቃል ላይ የምትጨምረው አልነበራትም።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ዛሬም ትሠራለች፣ ዛሬም ትደክማለች። እኔ የምሠራው እዚያው አካላ አጠገብ፣ ኪስታ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ጠረጴዛዬ ላይ አንቀላፍቼ፣ ዌይ የሚባል የቻይና ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀሰቀሰኝና የተወለድኩበትን ዓመት እየሳቀ ጠየቀኝ። በአውራ ጣቱ አንጓዎቹን መቁጠር ሲጀምር ወደ እጁ ጠጋ አልኩ። የጀመረው ከቀለበት ጣቱ ሥር ነበር። የእናቴን ዓመት እንዲቆጥርልኝ ለመንኩት። የልደት ዓመቷ እውነትም የበሬ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ የነበረበትን ግን ሁለት ጊዜ አስቆጠርኩት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር።

«እማ፣ ያ ዓመት ያንቺ አልነበረም። ያንቺ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ማታ። እኔንስ ልጅ ሳለሁ በጣቴ ያስቆጠሩኝ ማን ሆኑና?»

«ታዲያ ለምን...?»

«ደክሞኝ ነበራ ልጄ። እኛ ቤት ደከመኝ ማለት መቼ ምክንያት ሆኖ ያውቃል? እሳቸው ምክንያት ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ።» ቀጥላ ፎጣውን እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።

ትቬትስቱጋው፣ ጧፉ፣ የአባባ ቃላት በትክክል እንዲህ ነበሩ ወይ ብባል አልምልም። አንዱን ነገር ግን አጣርቻለሁ። የቻይናዎች ዓመት የሚገባው በፌብሩዋሪ አካባቢ ስለሆነ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ፣ የእናቴን የሥራ ወረቀትና የእኔን የትምህርት ቤት መዝገብ አመሳክሬ፣ ያንን ኖቬምበር ደግሜ ቆጠርኩት። የበሬ ዓመት አልነበረም። የዐሣማ ነበር።