ቡፌው ላይ ያለችው ጣውንቴ

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ሌላው ሾፌር ለሚስቱ ሽቶና ብርድ ልብስ ያመጣል፤ የኔው ግን አንድ ቀን አፉ በፌስታል የታሰረ ባልዲ ተሸክሞ ሆሳዕና ያለው ቤታችን ገባ። ባልዲው ውስጥ የባሕር ውሃና አንድ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሆና ጫፍ ጫፏ ሮዝ የሆነ፣ እንደ ጣት የሚንቀሳቀሱ ክሮች ያሏት ነገር ተጣብቃለች።

«አበባ ናት?» አልኩት።

«እንስሳ ናት። የባሕር አበባ ይሏታል» አለና ቡፌው ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎቼን አስነስቶ የመስታወት ገንዳ አስቀመጠላት።

ያን ቀን ጣውንት እንደመጣብኝ ገባኝ። ስሟንም «ጣውንቴ» አልኳት። እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር። ለኔ ሽቶ የሚረሳ ሰው ለእሷ የባሕር ውሃ በጄሪካን ያመላልሳል። ከጠረፉ ከጋላፊ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተዘርግታለች?» ብሎ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ በተዘጋ ጊዜ እንኳ «ቤቱ ቀዝቅዞ ይሆናል፤ እሷን እንዳይበርዳት» አለኝ። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋላት ፓምፕ ይቆማል፤ ያኔ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ውሃውን በጭልፋ የማማስለው እኔ ነኝ። የሐዋሳ ዓሣ አድቅቄ ከትፌ የማጎርሳትም እኔው። እሷ ግን እኔ ስቀርብ ክሮቿን ሰብስባ ጡጫ ታክላለች፤ እሱ በር ሲከፍት፣ እምላለሁ፣ ትዘረጋለች። ቆሽቴ ያርራል።

ባለፈው ክረምት ከመንገድ ደወለና «ለሁለት ክፈያት» አለኝ። ጅቡቲ አንድ ሰው አሳይቶት ኖሯል፤ አፏ መሃል ለመሃል በስለት ከተሰነጠቀ ሁለቱም ግማሾች ድነው የየራሳቸው ሰው ይሆናሉ አሉ።

«ሌላ ሰው አላምንም» አለ። «አንቺ እንሰት ውስጥ ያደግሽ ነሽ። እጅሽ ያበቅላል።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን እኮ ነው፤ ያደግኩት ዶዮገና ነው። እናቴ አሚቾውን፣ ያንን ወፍራሙን የእንሰት ሥር፣ ለሁለት ሰንጥቃ መሃሉን ፈልፍላ ስትቀብረው ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኝ ሊለምናት የመጣን ሰው ግን ቢላ ሳታነሳ «ለማን ቤት ነው?» ትለው ነበር። ጎጆ ለወጣ ወንድም፣ ለተዳረች ልጅ፣ ብቻ የሚሄድበትን ጓሮ ሳታውቅ አትከፍልም።

ከድንጋይዋ ቀስ ብዬ አላቅቄ የቲማቲም መክተፊያዬ ላይ አስቀመጥኳት። ስለቱን አፏ ላይ ሳሳርፍ፣ ምን ይደበቃል፣ ደስ አለኝ። እጄ እንደለመደው መሃሏን ሊፈለፍል ሲል «አፏን ለሁለቱም አካፍይ» ያለኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። ሁለቱን ገንዳው ውስጥ ስመልሳቸው እርጥብ ጨርቅ መሰሉ። ደስታዬ ወዲያው ጠፋ። ብትሞት ባሌ ዓይኔን እንደማያይ አውቃለሁ፤ በቅናት ገደለቻት ነው የሚለው።

አልሞተችም። የተቆረጠው ጠርዝ እየታጠፈ ገጠመ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አፍ አወጡ። አንድ ቀን ዓሣ ስጨምርላቸው ሁለቱም ተዘረጉልኝ።

ባለቤቴ ሲመጣ ገንዳው ሥር ተንበርክኮ አያቸው። «እጅሽ ይባረክ!» አለኝ። ያን ምሽት ከኔ በላይ ሚስት አልነበረችም።

በማግስቱ ጠዋት ከሁለቱ ትልቋን ባልዲ ውስጥ አድርጎ ወደ መኪናው ሲወስድ አገኘሁት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን የእናቴ ጥያቄ ነው።

«ለማን ቤት ነው?»

የባልዲውን አፍ ማሰሩን ቀጠለ። «ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ሚሌ» አለ በመጨረሻ።

«ሚሌ ማን አለህ?»

«እዚያም ቤት አለኝ። ልነግርሽ ነበር።» ቀና ብሎ አላየኝም።

እናቴ የምትጠይቀው ቢላ ከማንሳቷ በፊት ነበር። እኔ፣ እጅሽ ያበቅላል ስባል፣ መጠየቁን ረሳሁት።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሳሎን ገባሁ። የቀረችው ትንሿ ብቻዋን ተዘርግታለች። ዓሣ ከትፌ አጎረስኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጣውንቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም።