የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ፕሪንተር የመረጠ ዕለት

የፍኖተ ሰላም ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለኮምፒውተር ክፍሉ አንድ ፕሪንተር ሊገዛ ሲያስብ፣ እኔ በኮሚቴው ውስጥ የወላጆች ተወካይ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል በራሴ የለየሁ ሰው ነኝና ለንባብ ቤት እቀናለሁ። የምንገዛው ተማሪ የመልመጃ ጥያቄውን፣ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻውን የሚያትምበት መሣሪያ እንጂ ጌጥ እንዳልሆነ ገና ከጅምሩ ተናግሬአለሁ።

በክፍሉ የምትሠራው ሴት ልጄ ግን አልተስማማችም።

"አባባ፣ እርስዎ ተማሪ ተማሪ ይላሉ። ከገጠር የሚመጣው ሰው የሚለምነኝ የሟች ፎቶ እንዳትምለት ነው።"

እውነቷን ነው። ዛሬ በየለቅሶው ፎቶ ይያዛል። ወንድሟ ሲሞት ግን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፎቶውን ማሳተም አልቻልንም፤ እናቱ ሹራቡን ይዛ አለቀሰች።

ቡሬ ሄደን አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት አየን። አንዱ በዱቄት ቀለም ጥቁር ብቻ ያትማል፤ ሌላው በፈሳሽ ቀለም ሁሉንም። ነጋዴው መሞከሪያ ሲጠይቀን ልጄ ሳታማክረኝ ከስልኳ የወንድሟን ፎቶ ላከችለት። ልቆጣ ስል ወንዱ ልጄ ከማሽኑ እየወጣ ነበር፤ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ከዚያ ዓይኖቹ። ቁጣዬን ዋጥሁት።

"ይኼ ባለ ቀለሙ፣ መብራት ጠፍቶ ብዙ ጊዜ ቢቆም ምን ይሆናል?" አልሁት ነጋዴውን።

"አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ቀለሙ ውስጡ ይደርቃል።"

"ጥቁሩስ?"

"እሱ አህያ ነው! ከርሞም ቢጭኑት ይሄዳል።"

ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በማግስቱ የሁለቱንም ናሙና ይዤ ስብሰባ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ከአባላቱ መካከል መንገድ ተዘግቶባቸው ለልጄ ለቅሶ ያልደረሱ ነበሩ። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ባገኘበት ይደርሳል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ባለ ቀለሙን ወረቀት አንሥተው "እኔን! ይኼ ነው እንዴ ልጅዎ?" አሉና እንባቸው መጣ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። "እግዜር ያጥናዎ" እያሉ ቀስ በቀስ ተቀመጡ። የፕሪንተሩ ወሬ ተረሳ።

ቆይቼ ጥቁሩ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረብሁ፤ የነጋዴውንም ቃል ነገርኋቸው።

"ኧረ ይተዉ!" አሉ ሰብሳቢው። "ይኼን ፊት አይተን እንዴት ጥቁሩን እንምረጥ?"

"የእኔ ልጅ ሞቷል! የምትገዙት ለቋሚው ነው!" ብዬ ጮኽሁ።

ሐዘን የሚያናግረኝ መሰላቸው። እጅ ሲወጣ ከእኔ በቀር ሁሉም ለባለ ቀለሙ አወጡ። ሊያጽናኑኝ ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም። ነገር ግን የሕዝብ ዕቃ ለአንድ ሰው ማጽናኛ አይመረጥም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ።

በክረምቱ መብራቱ ጠፍቶ ከረመ። በተመለሰ ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ገበሬ የሞተች ልጁን ፎቶ በስልክ ይዞ መጣ። ልጄ አተመችለት። የልጅቷ ፊት በነጭ ሰንበር ተቆራርጦ ወጣ። ማሽኑን አጽድታ ደገመችው፤ ያው ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ቀለሙ ደርቋል።"

ሰውየው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ አየው።

"ግድ የለም ልጄ፣ አንደኛው ዓይኗ ይታያል" አለና በጋቢው ሸፍኖ ይዞት ወጣ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። "ብዬ ነበር" ማለት እችል ነበር። አላልሁም። የዚያችን ልጅ ፊት ያበላሸው የእኔ ልጅ ፊት ነው።