ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ

ወረታ ውስጥ ማናዬን የማያውቅ ቢኖር ውሃ በእፍኙ የሚጠጣ ሰው ብቻ ነው። እንስራው የእሷ ነው፤ ድስቱ የእሷ ነው፤ ባለርስቱ ለድግስ ጠላ የሚያስጠምቅበት ጋን የእሷ ነው። አገሩ በእሷ ድስት የተሠራ ወጥ ጠግቦ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ሲያበቃ «ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ልጅህን ደብቅ» ይላል። ይህን የሚለው ያልተማረው ብቻ አልነበረም፤ ዳዊት የሚደግመውም፣ ከረባት ያሰረውም ይለዋል። ድንቁርናን ለሁሉም እኩል በማከፋፈል ረገድ ፎገራ ውስጥ አድልዎ የሚባል ነገር አልታየም።

ማናዬ ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ የጠና፣ መልሷ የፈጠነ ሴት ነበረች። ርብ ወንዝ ዳር አፈር ትቆፍራለች፤ በጀርባዋ ተሸክማ ትመለሳለች፤ ትወቅጣለች፣ ታቦካለች፣ ትጠፈጥፋለች። ባሏ ደሞዝ ሲሞት ልጃቸው ጽጌሬዳ ገና ዳዴ ትል ነበር። ልጅቱን ብቻዋን አሳደገቻት፤ ትምህርት ቤት ያስገባቻትም ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ነው። በአራተኛው ቀን መዝጋቢው ከእሷ ጋር መነታረክ ሰልችቶት ጻፋት። በ1960 ዓ.ም. ጽጌሬዳ ስድስተኛ ክፍል ደረሰች።

በዚያ ዓመት አለምነህ የሚባል ወጣት አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ጸጉሩን አጎፍሯል፤ «ሰፊው ሕዝብ» ሳይል ሻይ እንኳ አያዝዝም፤ ሰፊው ሕዝብ ግን በመንገድ ሲያልፍ ሰላም ማለት ይረሳል። ይሁንና ልቡ ቅን ነበር፤ ሥዕል ማስተማርም ያውቅበታል። የተማሪዎች የሥዕልና የእጅ ሥራ ትርኢት በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት እንዲከፈት አሳብ አቀረበ፤ የስድስት ልጆችም ሥራ ተመረጠ። የጽጌሬዳ ሥራ ከጭቃ የተሠሩ የፎገራ ከብቶች ነበሩ፤ ቀንዳቸው፣ ሻኛቸው፣ ጭራቸው እንዳለ።

ማስታወቂያውን ያሰናዳው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ማለት ሦስት ሰው ነበር፤ አለምነህ፣ ዲሬክተሩ አቶ ገሰሰና የወላጆች ተጠሪው ባለርስት አቶ አበረ። ወረቀቱ የበር ያህል ሆኖ ወጣ። የአምስት ተማሪዎች ስም ተጻፈበት። የስድስተኛዋ «ቦታ ስላልበቃ» ቀረ።

ጽጌሬዳ ወደ ቤት መጥታ ደብተሯን አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምነው ልጅየ፣ ከብቶችሽን አንቀበልም አሉሽ?» አለች ማናዬ።

«አይ፣ ይቀርባሉ ብለዋል። ስሜ ነው የቀረ። ቦታ አልበቃም አሉ።»

«ስምሽና የአባትሽ ስም ስንት ፊደል ነው?»

ጽጌሬዳ በጣቷ ቆጠረች። «ሰባት።»

«በር የሚያህል ወረቀት ለሰባት ፊደል ቦታ አጣ በይኛ!» አለችና ማናዬ እጇ ላይ የነበረውን ጭቃ መሬት ላይ ወረወረችው። ፊደል አታውቅም። የልጇ ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ግን ያን ቀን ቆረጠች።

ወረቀቱ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው መሃል ካለው ዋርካ ላይ ተለጠፈ። እንግዲህ የሥዕሉን ነገር መናገር ያስፈልጋል። አለምነህ ተማሪዎቹን ትንሽ ሥዕል እንዴት ትልቅ እንደሚደረግ አስተምሯቸው ነበር፤ ወረቀቱ በእርሳስ በአራት ማዕዘን እየተከፋፈለ ይሰመራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በየቦታው ይሣላል። ልጆቹም የፎገራን ሜዳ ከርብ እስከ ጣና ድረስ አሳምረው ሣሉት። መስመሩን የሚያጠፉበት ላጲስ ግን ትምህርት ቤቱ አልነበረውምና ሜዳው እንደ ተሸነሸነ ቀረ። አቶ ገሰሰ በበኩሉ ማኅተም ካላረፈበት ነገሩ ነገር አይመስለውምና ሦስት ቦታ መታበት። ከሥሩም በገዛ እጁ «ሕዝቡ በተጠቀሰው ቀን ያለአንዳች ማመንታት በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲቀርብ» ብሎ ጻፈ።

ዓመቱ የትኛው እንደሆነ አይረሳ። አዲስ የእርሻ ግብር አዋጅ ወጥቶ ከዓባይ ማዶ ጎጃም እየታመሰ ነው። በጌምድር ውስጥ ደግሞ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ቃላድ፣ በሩቁ ከተነሣ ሰው ጠመንጃውን ይወለውላል።

ማናዬ እንስራዎቿን ደርድራ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ነበርና ሁሉን ሰማች።

«ይሄ ርብ አይደል?»

«ርብ ነው። ይሄ ጉማራ። ይሄ ደግሞ የእኛ ግጦሽ።»

«በላዩ ላይ የተሰመረውስ?»

«ቃላድ ነዋ! ሸንሽነው ጨርሰውታልኮ!»

«ኧረ ማኅተምም አለበት!»

«ምን ይላል? አንተ ዲያቆን፣ አንብበው እስቲ!»

«ያለአንዳች ማመንታት ይቅረብ ይላል።»

ከዚያ በኋላ ገበያ አልነበረም። በሬ ሊሸጥ የመጣው በሬውን ነድቶ ወደ ይፋግ መንገድ ገሠገሠ፤ ዶሮ የያዘችው ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ሰኞ ዕለት ከክፍሉ ተማሪ ግማሹ ቀረ፤ አባቶች «የቃላድ ትምህርት አንፈልግም» አሉ። ሕዝብ አሳደመ እንዳይባል የፈራው አቶ ገሰሰ ማኅተሙን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ትርኢቱ እንዲሰረዝ ኮሚቴውን ሰበሰበ።

ማናዬ ትርኢቱ ከተሰረዘ የልጇ ስም የትም እንደማይጻፍ ገብቷታል። ሳትጠራ ስብሰባው ላይ ገባች።

«ማን ጠራሽ?» አለ አበረ።

«ወረቀታችሁ ነዋ። ይቅረብ ይላል አሉ፤ ቀረብኩ።»

አለምነህ ሳቁን መያዝ አቃተው። ማናዬ ወደ ዲሬክተሩ ዞረች። «ጌታዬ፣ መሬቱን ሸንሽናችሁ፣ ማኅተም ረግጣችሁበት፣ ቅረብ አላችሁት። ማን ይቀርባል? እኔ እንኳ መሬት የለኝም እንጅ ቢኖረኝ እሮጥ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ይላሉ?» አለ አለምነህ። ከመጣ ጀምሮ ሰፊውን ሕዝብ አሳብ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ማስታወቂያው ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ይሁን። መንግሥት በሸክላ አዋጅ ጽፎ አያውቅም፤ ማንም አይፈራው። ደግሞ ገበሬን ሥዕል እይ ብትለው ምኑ ነው? ከብትህን እይ በለው! ልጆቹ የየሰዉን ከብት፣ ስሙና መልኩ የሚታወቀውን ይሣሉ። የእኔን ቡሬ እንዴት አድርገው ሣሉት ብሎ የማይመጣ አባወራ ካለ እኔ ከዚህ አገር ልጥፋ። ሸክላውን እኔ እሠራለሁ። የስድስቱም ልጅ ስም ይጻፍበታል።»

«የአንች ልጅ ስም ከስንዱ ስም ጎን?» አለ አበረ። ስንዱ የእሱ ልጅ ናት፤ ሥዕሏም ከተመረጡት አንዱ ነበር።

«ከጎኗ ካልወደዱት ከበላይዋ ይደረግ።»

አበረ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። አቶ ገሰሰ ጥቂት አሰበ፤ ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፣ ፊርማ ከሌለ ተጠያቂ የለም። «እሽ፣ ይሞከር» አለ።

ሥራው ማናዬ ግቢ ውስጥ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ልጆች ብቻ መጡ። ስንዱ ከአባቷ ተደብቃ ስትመጣ እናቷ ለቡዳ ያሰረችላት ነጭ ሽንኩርት አንገቷ ላይ ነበር።

ማናዬ አየችውና «አውልቂው ልጅየ፣ ለወጥ ይሆነናል» አለቻት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ስንዱም ሣቀችና አወለቀችው። በሦስተኛው ቀን ስድስቱም ተሟሉ።

አሠራሩን የደነገገችው ማናዬ ናት። አንዱ አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር ያቦካል፤ አንዱ ይጠፈጥፋል፤ ስንዱ የበሬ ፊት በእሾህ ትጭራለች፤ ጽጌሬዳ ቀንዱንና ሻኛውን በጭቃ ታወጣዋለች፤ የቄስ ትምህርት የተማረው አድማሴ በቁም ጽሕፈት ይጽፋል። የሌላውን ሥራ ሳይጠይቅ የነካ ውሃ ቀድቶ ይመለሳል። አለምነህ ሁለት ጊዜ ቀዳ።

ከዚያ በጽሑፉ ላይ ጠብ ተነሣ። አለምነህ «ጥበብ የሰፊው ሕዝብ የንቃት መሣሪያ ናት» የሚል መፈክር ይዞ መጣ።

«ይኸ ምን ማለት ነው?» አለች ማናዬ።

አለምነህ አብራራ። ብዙ አብራራ።

«ይኸን ሁሉ የሚነግራቸው ሰው ከየሸክላው ጎን ሊቆም ነው? አድማሴ፣ ጻፍ። ና ከብትህን እይ።»

አለምነህ መፈክሩን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ «ይሻላል» አለ። በዚያች ቃል በከንቱ እንዳልተማረ አስመሰከረ። ከሥሩ ቀኑ ተጻፈ፤ ከዚያ ስድስቱ ስሞች። ማናዬ የጽጌሬዳን ሰባት ፊደል በጣቷ ሳትነካ በላያቸው እያለፈች ደጋግማ ቆጠረቻቸው።

የተሠሩት ሃያ አራት ሸክላዎች ጥላ ሥር ተደርድረው ሲደርቁ አቶ ገሰሰ ብቻውን መጣ። አበረ ጠርቶ እንደተቆጣው ፊቱ ይናገራል። ግራና ቀኝ አይቶ ጎንበስ አለ፤ አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰና በመጀመሪያው ሸክላ ላይ የጽጌሬዳን ስም አሸት አድርጎ አጠፋው። ወደ ሁለተኛው ሲዞር ማናዬ ከኋላው ቆማለች።

አልጮኸችም። ገፍታ ብታባርረው ሥራው በሙሉ እንደሚቀር ታውቃለች።

«ይቀጥሉ ጌታዬ» አለችው። «ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎ። አሁን ያሳረፉት የጣትዎ አሻራ ከእሳት ሲወጣ ድንጋይ ይሆናል። መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይለቅም። ገበያተኛው ስሙን ማን አጠፋው ሲል ጣትዎን ይዞ ማስተያየት ነው።»

አቶ ገሰሰ አውራ ጣቱን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው የራሱ አካል ማኅተም መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ማናዬ የተበላሸውን ሸክላ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሳ አድማሴን ጠራች። «ደግመህ ጻፈው።»

እሳቱን በተመለከተ አለምነህን መማር አልበቃውም ነበር። ቀኑ ደረሰ ብሎ ተጨነቀና ማናዬ ወንዝ ስትወርድ ስድስት ሸክላ ሳይደርቅ ፍም ላይ አስቀመጠ። እንደ ባሩድ ጮኹ፤ አንዱም አልተረፈ። ማናዬ ስትመለስ አስተማሪው አመድ ለብሶ ቆሞ አገኘችው።

«ይበሉ መምህር፣ እርስዎም ክፍል ገብተዋል» አለችውና የቀሩትን ራሷ በኩበትና በጭድ ሸፍና አቃጠለች። አሥራ ስምንቱ ደህና ወጡ። ወፍጮ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ የርብ መሻገሪያ፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር መንገድ መገናኛው፣ የይፋግ ገበያ፤ ልጆቹ በየቦታው ሰቅለው ፊደል ለማያውቀው ጮክ ብለው አነበቡለት። ማንም በከዘራ የነካው የለም።

የኪዳነ ምሕረት ማግስት ትምህርት ቤቱ ግቢ መቆሚያ ጠፋ። ባለ ጠመንጃው፣ ባለ ጥላው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ከብቱን ፍለጋ መጣ። «ይኸ የእኔ ዳለቻ ነው!» «ውሸት! የአንተ ጆሮው ሙሉ ነው!» እያለ ሥዕሉ ፊት ይከራከራል። አለምነህ ከአንዱ ጥግ ቆሞ ሰፊውን ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያያል።

አበረም መጣ። ከጽጌሬዳ ጭቃ ከብቶች መሃል የራሱን ኮርማ አገኘው፤ ቀኝ ቀንዱ ጫፉ ላይ የተሰበረ ነው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ይህችን ልጅ ያላየችውን ማን ሥሪ አላት? የእኔ ኮርማ የተሰበረው ግራ ቀንዱ ነው!» አለ።

ማናዬ ከልጇ ጎን ቆማለች። ጽጌሬዳ «ቀኙ ነው» አለች። «አፈር ስንቆፍር ሁልጊዜ ርብ ሲወርድ አየዋለሁ።»

«እንግዲያ ኮርማው ይምጣ!» አለ ከሕዝቡ አንዱ። «ይምጣ! ይምጣ!» አለ የቀረው። አበረም በራሱ ተማምኖ «ይምጣ» አለ።

የአበረ እረኛ ማረው ከሜዳው ነድቶ አመጣው። ኮርማው በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ማረው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ጌታዬ፣ ቀኙ ነው። ከአምናው ክረምት ጀምሮ» አለ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሣቀች። ከዚያ ግቢው ሁሉ። ለአበረ መቶ ከብት የሚቆጥርለት፣ የሚያልብለት፣ በጎርፍ መሃል የሚያሻግርለት ሌላ ነው፤ የእሱ ድርሻ «የእኔ» ማለት ብቻ ነበርና የተሰበረው ቀንድ በየትኛው በኩል እንደሆነ እንኳ ጠፋበት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የምታውቀውን ኮርማ ባለቤቱ አላወቀውም።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ አንድ አዛውንት፣ የጭቃውን ኮርማ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው።

ማናዬ አቶ ገሰሰን ፈልጋ አገኘችው። «ስሟ ከሥሩ ተጽፏል። እኔ ማንበብ አልችልም ጌታዬ፤ እርስዎ ያንብቡላቸው።»

አቶ ገሰሰ ግራና ቀኝ አየ። መውጫ የለም። «ጽጌሬዳ ደሞዝ» አለ በለሆሳስ።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ የቆመው።

«ጽጌሬዳ ደሞዝ!»

ስሙን ሰዉ በየአፉ ተቀባበለው፤ የቅርቡ ለሩቁ፣ ግቢ ውስጥ ያለው በር ላይ ላለው። ያን ዕለት በማናዬ ቤት እህል የቀመሰ ሰው የለም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት አልቀመሰም፤ አገሩ ያን ያህል አልተለወጠም። ማናዬም አልተለወጠችም። ስሙ ከበር ውጭ ሲጠራ እስክትሰማ ድረስ ቆማ ቆየችና ልጇን፣ «ሰማሽ?» አለቻት።

«ሰማሁ እማ።»

«ቀና በይ እንግዲያ። ያችን የጭቃ ጥጃ ደግሞ አንሥተሽ አሳዪያቸው፤ ከኋላ ያሉት አላዩም።»