ሳይረን ገጠር ገባች

የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሰዎች ስሟን ትተው «ሳይረን» ይሏት ነበር። ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሲንጫጩ፣ ሰው አጠገቡ ካለው ሰው ጋር እንኳ የሚግባባው በከንፈርና በእጅ ነው። እሷ ግን ክር የተበጠሰበትን ማሽን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ አይታ አንዴ ከጮኸች፣ ሠራተኛው ካለበት ይዘላል። ጉሮሮዋ የተሠራው እዚያ ነው፤ ጆሮዋም የተበላሸው እዚያው። ጡረታ ስትወጣ ጩኸቱ አብሯት ቤት ገባ። «ጨው አቀብለኝ» ስትል ጎረቤት ጠብ የተነሣ ይመስለዋል።

ባሏ ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ» ሲል ነው። እሱም ጡረታ ወጣና ሁለቱ ከብረት ብየዳ ቤት በላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቀኑን ሙሉ ይተያዩ ጀመር። ታች መዶሻው፣ ላይ ሚስቱ። ሰውየው መሃል ላይ ተቀርቅሮ መክሳት ያዘ።

«ገጠር እንግባ» አላት አንድ ቀን። «ጸጥ ያለ ቦታ። ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ጓሮ።»

«ገጠር ምን አለኝ? ከማን ጋር ላወራ?»

«እሱን ነው የምልሽ» አለ ባልየው፤ ከአፉ ሲያመልጠው ራሱም ደነገጠ።

ለሳምንት ያህል አላናገረችውም። እሱ ግን ልቡ ሸፍቷል። በአውቶቡስ እየሄደ መንደር ያማርጥ ጀመር። መጀመሪያ ተራራ ሥር ያለች አንዲት መንደር ወሰዳት፤ ቤቱ ያምራል፣ ከጀርባው ግን ድንጋይ መፍጫ ተተክሎ አቧራው ሰማይ ይነካል። «ጸጥታህ ይኼ ነው?» አለችና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ተመለሰች። ቀጥሎ ወንዝ ዳር ያለች ሌላ መንደር አሳያት። እዚያ ትንኙ እንደ ዘመድ ተቀበላቸው፤ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ስትጠይቅ ማንም አያውቅም። «እዚህ ከምትቀብረኝ እዚያው ብየዳ ቤት ጨርሰኝ» አለችው። ሦስተኛውን ለማየት አልሄድም ብላ ቀረች። እሱ ብቻውን ሄዶ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ምንም አላላትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ጥፋቷ ይኼ ነበር ትላለች በኋላ።

አንድ ቀን ጠዋት በር ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሜትር ይዛ ቆማለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ መስኮቱን ልለካ ነው። ለመጋረጃ።»

«የማን መጋረጃ?»

«የእኛ። እናንተ ስትለቁ እኛ ልንገባ አይደል? ጋሼ አልነገሩዎትም?»

ሳይረን ወደ ኋላ ዞራ አየች። ጋሼው መጽሐፍ ፊቱ ላይ ደግኖ ተቀምጧል፤ መጽሐፉ ተዘቅዝቋል። የዚያን ዕለት ያወጣችውን ድምፅ ብየዳ ቤቱ ያሉት ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ መዶሻቸውን አስቀምጠው ደረጃው ሥር ተሰብስበው ሰሙ። ልጃቸው ከጸጉር ቤቷ በሽርጧ እየሮጠች ደረሰች።

«እማዬ፣ በናትሽ! ጎረቤት ሰማ!»

«ይስማ! አባትሽ በቁሜ ቤቴን ለሰው ሰጥቶ መስኮቴን አስለካ! ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛሁት ከሌባ ጋር ነው!»

«ብነግርሽ እሺ አትይም ነበር» አለ ባልየው።

«ታዲያ ለዚህ አይደል የሚነገረው?»

ቤቱ ግን አንዴ ከእጅ ወጥቷል። ዕቃውን ጠቅልላ፣ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። መንገዱን ሁሉ መስኮት መስኮት እያየች ነበር።

ሦስተኛዋ መንደር በእርግጥ ጸጥ ያለች ነበረች። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራባት፣ ውሻው እንኳ ከመጮኹ በፊት የሚያስብባት መንደር። ሳይረን በመጀመሪያው ቀን ሰላም ያሏትን ሴቶች «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብላ ስትመልስ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስታልፍ መስኮት መዝጋት ተጀመረ። ባለሱቁ ገና በሩ ላይ ሲያያት አፏን ከመክፈቷ በፊት ሳሙናና ስኳር ይደረድርላታል። ቶሎ ትሂድለት እንጂ የፈለገችውን አይጠይቃትም።

ከላይ በኩል የሚዋሰናቸው ንብ አናቢ ነበር፤ ቀጭን፣ የማይቸኩል፣ ፈገግታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሽማግሌ። በሳምንታቸው መጣና አጥሩ ላይ ቆመ።

«የሚጮኸው ማነው? ንቦቼ ይደነግጣሉ።»

«ይልመዱኛ!»

«ንብ አይለምድም። ሰው ነው የሚለምድ፣ ሰው ከሆነ» አለና ሄደ።

በማግስቱ ቀፎዎቹን አንስቶ ከአጥራቸው ጋር አስጠግቶ ደረደራቸው። ያን ዕለት ልብስ ስታሰጣ የዓይኗ ቆብ ላይ ተነደፈች፤ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ።

«አታናድጃቸው» አለ ባሏ።

«ንቦቹን ነው ሰውየውን?»

«ሁለቱንም።»

እልህ ይዟት ጓሮ ገባች። አፈር ነክታ የማታውቅ ሴት ሽንኩርትና ጎመን ተከለች፤ መጀመሪያ ለንዴቷ ማብረጃ ነበር፤ በኋላ ግን ጠዋት ስትነሣ ፊቷን ሳትታጠብ መደቦቿን ታያለች። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ በንብ አናቢው ግቢ አቋርጦ በሚያልፍ ቦይ ነው። በጋው ሲከርር ሰውየው ቦዩን ዘጋው። እሷ አካፋ ይዛ ሄዳ ከፈተችው። ማታ ዘጋ፤ ጠዋት ከፈተች። እንዲህ ሲባባሉ አንድ ቀን ቦዩ ላይ ተገናኙ።

«ይኼ ውሃ ከአባቴ ጀምሮ የእኛ ነው። አንቺ ትናንት ነው የመጣሽ።»

«ትናንት መጣሁ፣ ዛሬ ተጠማሁ! ውሃው ከአባትህ ሆድ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ሰውየው አካፋዋን ያዘ፤ እሷም አለቀቀችም። ሁለት ሽማግሎች አንድ አካፋ ይዘው ጭቃ ውስጥ ሲጓተቱ መንደሩ በአጥር ቀዳዳ አየ፤ አንድም የገላገለ የለም።

በዚህ ጊዜ ባልየው ሌላ ጣጣ ውስጥ ነበር። ያመጣቸውን መጻሕፍት አይከፍትም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጸጥታው የሚጥመው ዙሪያውን ሰው ሞልቶ ስለነበር ነው፤ እዚህ «እሽሽ» የሚባል ሰው የለም። ማንም በሩን አይመታም፤ «የጯሂዋ ባል» እያሉ ያልፉታል። ከሰዓት በኋላ መቆሚያው ድረስ ሄዶ አውቶቡሱ ሲመጣ ያያል፣ ሲሄድ ያያል፣ ይመለሳል።

የመንደሩ ሊቀመንበር በመጨረሻ ሁሉንም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ። የልጆች ዴስክ ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። ንብ አናቢው ተናገረ፣ ጎረቤቶች ተናገሩ፤ የሚደግፋት ጠፋ። ሳይረን ተነሥታ ስትጀምር ሊቀመንበሩ እጁን አነሣ።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ። እስቲ ጋሼ ይናገሩ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ባልየው ወለሉን አየ። «ባሕርይዋ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቦዩንም አንነካም።»

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ጆሮው አነሣ፤ ጩኸቱን እየጠበቀ። ሳይረን ግን ዞራ ባሏን አየችው።

«እንጠይቃለን ያልከው አንተና ማን ናችሁ?» አለችውና ወጣች።

ቤት ሲደርስ ሸሚዞቹን እየተኮሰች አገኛት። ሻንጣው ተከፍቷል።

«እንመለስ» አላት። «አንድ ክፍል እንኳ ብትሆን እንከራይ። ጸጥታው ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።»

«ቤቴን ለሰው ሰጥተህ አመጣኸኝ። አሁን ጓሮዬን ለሰው ሰጥተህ ልትመልሰኝ? ሂድ። ልጅህ ጋ ሂድ።»

«ብቻሽን? እዚህ? ጠልተውሻል እኮ!»

«ይጥሉኛ።»

አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችው፤ ሻንጣውን የተሸከመችው እሷ ነበረች። በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ «ትመጫለሽ አይደል?» አላት። ድምፁ አልተሰማትም፤ ከንፈሩን ግን አነበበችው። እዚያው ቆመች፤ አቧራው ከፊቷ እስኪያልፍ ድረስ።

ወር ሳይሞላ ልጇ ልትወስዳት መጣች። እናቷን ያገኘቻት ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አባዬ በሌሊት እየተነሣ ይቀመጣል። እዚህ ማን አለሽ? ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርብሻል!»

ሳይረን አካፋዋን ተደገፈች። «ስሚኝ ልጄ። አባትሽ ይወደኛል፤ ከጀርባዬ ግን ቤቴን አሳልፎ ሰጠ። ያ ሰውዬ ይጠላኛል፤ ውሃዬን ሊወስድ ሲመጣ ግን ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ከየትኛው ጋር መኖር ይቀላል?»

ልጅቷ ያንኑ ቀን ተመለሰች፤ ሳይረን አንድ ከረጢት ጎመን አሸክማ ሰደደቻት።

ሊቀመንበሩ በኋላ ጆሮው ሲደክም ውሃውን ከፈለው፤ ጠዋት ለንብ አናቢው፣ ከሰዓት ለሳይረን። ቀፎዎቹ ግን ከአጥሩ አልተነሡም፤ መስኮቶቹም ሲያዩዋት መዘጋታቸውን አልተዉም። ባልየው አንዳንዴ በአውቶቡስ ይመጣል፤ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ልጃቸው ያወራል፤ «እደር» አትለውም፤ በመጨረሻው አውቶቡስ ይሄዳል። ንብ አናቢውና እሷ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ቦዩ ዘንድ ይገናኛሉ፤ እሱ ይዘጋል፣ እሷ ትከፍታለች። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ሰላምታ ተሰጣጥተው አያውቁም።